«ደህና ናት» ስል የከረምኩበት

መስከረም 3 ቀን 2018፣ ደሴ

ይህ ደብተር የልጄ የፍሬዓለም ነው። ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ ብላ የገዛችው ነው። ስትወድቅ ቦርሳዋ ውስጥ ስለነበር ጠርዙ ተልጧል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም፣ እጄም ይዘገያል። ግን የሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተኝ። ለሰው ሳወራ «አይዞሽ» ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ያልቃል።

የሆነው እንዲህ ነው። ነሐሴ 28 ጠዋት ፍሬዓለም ለተማሪ ምዝገባ ከቆቦ ወደምታስተምርበት ጎብዬ ልትሄድ ወጣች። ሚኒባስ አልነበረም። በአጥር በኩል የጎረቤቴን የጀዊሪያን ልጅ ሙንተሲርን ጠርቼ «በሞተርህ አድርስልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጠራሁት። ከመስኖው በኩል ሽንኩርት የጫነ ፒክአፕ ግራ ቀኝ ሳያይ አስፋልቱ ላይ ወጣባቸው። ሙንተሲር ትከሻው ተሰበረ። እሷ የወደቀችው በጭንቅላቷ ነው።

እኔ ገበያ ላይ ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ «የመምህሯ እናት አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ነገረችኝ። ከነገረችኝ በኋላም ጥቂት መረጥኩ። የተጨፈለቀውን ወደዚህ፣ ደህናውን ወደዚያ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም። ሴትዮዋ ሁለት እጄን ይዛ ነው ያስቆመችኝ።

መስከረም 6

ዓይኗን ገለጠች። ተመስገን።

መስከረም 8

ተናገረች! ለወንድሜ ለተዋቸው ወዲያው ደወልኩለት። ዋጃ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው፤ ወፍጮው ሲጮህ አይሰማም፣ አጥፍቶ ወጣ።

«ምን አለች እትዬ?»

«ውሃ አለች» አልኩት። እዚያው በስልኩ አለቀሰ።

ያለችው ግን «ውሃ ይስጡኝ» ነው። ፍሬዓለም እኔን አንቱ ብላኝ አታውቅም። ነርሷን መስዬያት ይሆናል፤ ነጠላዬም ነጭ ነው።

መስከረም 16፣ የመስቀል ዋዜማ

የዋርዱ ሰዎች በመስኮት ደመራ ሊያዩ ተነሡ። እኔ አልተነሣሁም።

ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ የፈሰሰውን ደም እንዳወጡት ነገረኝ።

«ትድናለች?» አልኩት።

«ተርፋለች» አለኝ።

እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነበር። ግን ደግሜ አልጠየቅሁም።

መስከረም 29፣ ቆቦ

ቤታችን ገባን። ሰፈሩ ሁሉ መጣ። «እንዴት ሆነችልሽ?» «ተመስገን፣ ደህና ናት።» «ይመስገን፣ ይመስገን።» ሰው ወጥቶ ሰው ይገባል። ምላሴ ደረቀ።

ጀዊሪያ መጨረሻ ላይ መጣች። ከእሷ ጋር ስንት ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሸጥ ኖረናል፣ እኔ ቲማቲም፣ እሷ ሽንኩርት። ዛሬ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

«ግቢ እንጂ።»

«ልግባ?»

«መች አስፈቅደሽ ታውቂያለሽ?»

«ወላሂ ከፊ፣ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ያ የኔ ጅል ልጅ...»

«የጠራሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ገብታ ፍሬዓለምን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። ፍሬዓለም ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነው፣ ሰው በዚያ ሰዓት እንደዚያ አይስቅም። ጀዊሪያ ወደ እኔ ዞረች።

«ስላየችሽ ደስ ብሏት ነው» አልኳት።

ጥቅምት 4

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ደወሉ። መቼ ትመለሳለች አሉኝ። ለሁለተኛው ሴሚስተር አልኳቸው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግድግዳ ላይ የምትሰቅለውን የፊደል ገበታ ከሳጥን አወጣሁላት። እሷ ራሷ በቀለም የጻፈችው ነው። ጉልበቷ ላይ ዘረጋሁላት። ብዙ አየችው። ቀኝ እጇ ስለሚሰንፍ በግራ እጇ ዳሰሰችው።

«ቆንጆ ነው» አለች። ሰው የቀሚስ ጥለት አይቶ እንደሚለው ነው ያለችው።

ጠቅልዬ መለስኩት። ደክሟት ነው።

ጥቅምት 11

ቻላቸው ዛሬም መጣ። እሱ ከደብረ ታቦር ተመድቦ መጥቶ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚያስተምር ነው። ባለፈው ሚያዝያ ሽማግሌ ልኮ ሰጥተነዋል፣ ሰርጉም ለጥር 24 ተቆርጧል። ሰው የሚያከብር ልጅ ነው፣ እኔን እማማ ይለኛል።

ብርቱካን ይዞ መጣ፣ ልጦ ሰጣት።

«ቁርስ በላህ?» አለችው።

«በላሁ ፍሬ።»

ጥቂት ቆይታ፣ «ቁርስ በላህ?»

«በላሁ።»

እስኪሄድ ድረስ ጠየቀችው። መጀመሪያ ላይ በየጊዜው መለሰላት። በኋላ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። በመጨረሻ ብርቱካኑን ዝም ብሎ ይልጥ ጀመር፤ የሚበላው ሰው ሳይኖር ሳህኑ ሞላ።

ስሸኘው «እያደር ይሻላታል» አልኩት።

«አዎ እማማ» አለኝ።

ጥቅምት 19

የትራፊክ ፖሊሱ የሣለው የአደጋው ፕላን ጥፋቱ የፒክአፑ ነው ብሏል። መኪናው መድን አለው። የመኪናው ባለቤት የዋጃ ነጋዴ ነው። ዛሬ ሽማግሌ ላከ፤ ከእስላሙ ሼህ ሙሀመድሰይድ፣ ከክርስቲያኑ ቄስ ገብረ ማርያም። በአገሩ ደንብ ግቡ እስኪባሉ ከአጥሩ ውጪ በፀሐይ ቆሙ። ተዋቸው ከዋጃ አብሯቸው መጥቶ ነበርና አስገባቸው።

ሼህ ሙሀመድሰይድ እንዲህ አሉ፦ «እናት ዓለም፣ የአባቶቻችን ደንብ ነው፤ የተጎዳውን በዓይናችን ሳናይ ስለ ካሣ አንነጋገርም። ያየነውን ለመኪናው ባለቤት እንነግረዋለን፣ እሱም ለመድኑ ይነግራል። አምጫትና እንያት።»

እኔ ከጠዋት ጀምሮ አዘጋጅቻት ነበር። ገላዋን አጥቤ፣ የመስቀል ቀሚሷን አልብሼ፣ የተላጨውን ራሷን በሻሽ ሸፍኜ፣ ብርሃን ከማይበዛበት ጥግ አስቀመጥኳት። ሲጠይቁሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» በይ ብዬ ደጋግሜ አስጠንቻታለሁ።

«ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» አሏት።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ያምሻል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቄስ ገብረ ማርያም ፊታቸው በራ። «እሰይ! ለእኛ እኮ ያወሩልን ሌላ ነው።»

እኔም ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ምላሴ ይቀድመኛል። «ጥር 24 እንድራታለን፣ ትመርቁልናላችሁ» አልኳቸው። እዚያው ተነሥተው መረቁ። አንዱ አሜን ሲያስብል ሌላው ዱዓ ሲያደርግ ቤቱ ሞላ። ለሕክምናው የወጣውን ባለቤቱ ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ግን ለተረፈ አካል ካሣ አይባልም፣ ተመስገን ነው የሚባለው፤ ብለው ሄዱ።

ተዋቸው እነሱን ሸኝቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ሊያዩ የመጡት እኮ ጉዳት ነው! አንቺ ሙሽራ አሳየሻቸው።»

«እና ልጄን አራቁቼ፣ ምራቋን አዝረክርኬ ላሳያቸው? ነገ አገሩ ሁሉ አፉ ላይ ያድርጋት?»

«ያለውን አሳዪያቸው ነው ያልኩሽ!»

«ያለው ደህና ነው» አልኩት። «ክፉ ነገር በአፍ ከተጠራ ይመጣል። አባታችንም እንደዚህ ነው ያሳደገን።»

ባርኔጣውን አንሥቶ እራት ሳይበላ ወጣ። ታናሼ ነው፣ ደፍሮኝ አያውቅም።

ጥቅምት 20

«እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱን አልተወችም። ትናንት ሽማግሌዎቹ ከሄዱ ጀምሮ። ውሃ ስሰጣት፣ ድመቷ ስታልፍ፣ በር ሲንኳኳ። ማንም ሳይጠይቃት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ።

እባክሽ ተይ አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ።

ጓሮ ወጥቼ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 27

ተወችው። ተመስገን። እኔንም አንቺ እያለች መጥራት ጀምራለች፣ እማ አለችኝ። ሁሉ ቀን አይደለም። ግን ብላለች።

ኅዳር 2

ጠፋች። ገበያ ቲማቲም አውርጄ ልመለስ ብዬ ነው፤ በሩን ሳልቆልፍ ወጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።

መናኸሪያ ነው የተገኘችው። ቦርሳዋን ይዛ፣ ጫማ ሳታደርግ፣ የጎብዬ ሚኒባስ አጠገብ ቆማ። ረዳቱ «ጎብዬ! ሁለት ሰው! ጎብዬ!» ሲል «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ትለዋለች፤ ግን አትገባም። ሙንተሲር አይቷት በእግር ይዟት መጣ። እጁ እስካሁን በአንገቱ ታስሯል። ባጃጅ ሊያሳፍራት ቢል ጮኸች አለ። ቤቴ ገብቶ አያውቅም ከአደጋው ወዲህ፣ ዛሬም ከደጃፉ ተመለሰ።

«ግባና ውሃ ጠጣ» ብለው «ይቅርታ እትዬ ከፈለች» አለኝ። ለምኑ ይሆን ይቅርታ ያለው። ለሁሉም መሰለኝ።

ኅዳር 4

ገበያ ላይ ከጀርባዬ ሁለት ሴቶች፦

«የከፈለች ልጅ ነካ አድርጓታል አሉ።»

«ኧረ? ሰርጉስ?»

«ምን ሰርግ አለ እቴ።»

ዞርኩና «ጥር 24 ነው! መጥተሽ ጠላ ትጠጫለሽ፣ መቼም የተጠራሽበት ቀርተሽ አታውቂም!» አልኳት። ደንግጣ ሳትገዛ ሄደች። ጀዊሪያ ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትሞት ነበር። ዛሬ ሽንኩርቷን ስትገለባብጥ ቀና አላለችም።

ኅዳር 7

ቻላቸው መጣ። ብርቱካን አልያዘም። አልቀመጥም ብሎ ምሰሶውን ይዞ ቆመ።

«እማማ፣ እርስዎ እናቴ ነዎት» አለኝ።

ሰው ንግግር በዚህ ከጀመረ ቀጥሎ የሚመጣው ጥሩ አይደለም። ድንች መላጥ ጀመርኩ። ቤተሰቡን አነጋግሯል፣ እናቱ አልቅሳለች፣ እሱም እንቅልፍ የለውም። ጥር አይሆንም አለ።

ጥር ካልሆነ ሚያዝያ ነው። ምን አለበት። ከፋሲካ በኋላ ጊዜውም ይሻላል።

ሲወጣ ፍሬዓለምን እጇን ሳመ። ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው እንደዚያ ነው። «ቁርስ በላህ?» አለችው። ከሰዓት በኋላ ነበር። «በላሁ ፍሬ» ብሎ መለሰላትና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ኅዳር 8

«ቻላቸው ዛሬ ይመጣል?»

ይመጣል አልኳት።

ኅዳር 15

ተዋቸው ታርቆኝ መጣ። ጠበቃ ይዟል። መቅደላዊት ትባላለች፣ የልጄ እኩያ ናት፣ ቢሮዋ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። መድን ድርጅቱ ተጎጂዋ ድናለች፣ ሽማግሌዎችም መስክረዋል ብሎ ለሕክምናው ካልሆነ አልከፍልም ብሏል። ክስ ከፍተናል፤ ፍርድ ቤቱ የሐኪሞች ቦርድ አይቷት የጉዳቷን መጠን ይጻፍ አለ።

«እማማ፣ ቦርዱ ፊት አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎት» አለችኝ መቅደላዊት። «ቤት ውስጥ የሚያዩትን ይንገሯቸው። ሐኪሞቹ ለትንሽ ሰዓት ነው የሚያዩዋት፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዩዋት እርስዎ ነዎት።»

እሺ አልኳት። በማርያም ስም እሺ አልኳት።

ኅዳር 23፣ ደሴ

መንገድ ተዘግቶ አድረን ደረስን። ቦርዱ ሦስት ሐኪሞች ናቸው። ጠረጴዛው ረጅም ነው። ፍሬዓለምን ከእኔ ፊት ለፊት አስቀመጧት።

«ራሷ ትለብሳለች?»

እጅጌዋን የማስገባላት እኔ ነኝ፣ ቁልፏን የምቆልፈው እኔ ነኝ። ፍሬዓለም ታየኛለች። ዛሬ እኔን ከምታውቅባቸው ቀኖቿ አንዱ ነው። ልክ ተማሪዋ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆም እንደምታየው፣ በርታ በሚል ዓይን ታየኛለች።

«ትለብሳለች» አልኩ።

«ምግብ ታበስላለች?»

«ታበስላለች።»

«ሰው ትለያለች? ትረሳለች?»

«ማን የማይረሳ አለ ዶክተር?»

አንደኛው ፈገግ አለ። ጻፉ። ስንወጣ ፍሬዓለም «ጎበዝ» አለችኝ። እኔን።

አውቶብስ ውስጥ ተዋቸው ከፊት ወንበር ተቀምጦ እስከ ቆቦ አልዞረም።

ኅዳር 30

የቦርዱ ውጤት መጣ። ቀላል ጉዳት ይላል፣ ሥራዋን ለመሥራት አያግዳትም ይላል። መቅደላዊት አንብባ ጠረጴዛዋ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ እኔ የምከራከረው ከማን ጋር ነው? ከመድኑ ጋር ነው ወይስ ከእርስዎ ጋር?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያለን አንድ በር ነው አለች፦ ታኅሣሥ 16 ችሎት ላይ እኔ ራሴ ምስክር ሆኜ መቅረብ። ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል።

እኔ እኮ ለማጭበርበር አይደለም። ውሸት መናገሬም አልመሰለኝም። ሰው ልጄ እንዴት ናት ሲለኝ ሌላ መልስ አፌ ላይ የለም። የለም።

ታኅሣሥ 5

ጀዊሪያ በሩን ሳታንኳኳ ገባች፣ እንደ ድሮው። እኔ ፍሬዓለምን ሳለብስ ነው የደረሰችው። ቀኝ እጇ እጅጌው ውስጥ ተጣጥፎ አልወጣ ብሎ እሷ ትጮኻለች፣ እኔ እጎትታለሁ። ጀዊሪያ በሌላው በኩል ይዛ አገዘችኝ። ሲያበቃ እንዲህ አለች፦

«ዛሬ ልንገርሽ፣ ከፈለግሽ ከቤትሽ አስወጪኝ። አንቺ ‹ደህና ናት› ስትዪ እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል። በኔ ልጅ ሞተር ናታ የወደቀችው። ስለዚህ ውሸትሽን እያወቅሁ አሜን እያልኩ ኖርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ደህና ትሆናለች ጀዊሪያ።»

«እሺ፣ ኢንሻአላህ። ካልሆነችስ? ነገ እኔና አንቺ አፈር ስንገባ ማን ነው ይህን ቀሚስ የሚያለብሳት? ‹ደህና ናት› ያለብሳታል?»

ፍሬዓለም ሁለታችንንም ታየናለች።

«ዳኛው ሲጠይቅሽ እሷን አትይ» አለችኝ ጀዊሪያ። «እኔንም አትይ።»

«እና ማንን ልይ?»

«መሬት እይ! መሬት አይታዘብሽም።» ከዚያ እሷም እኔም ሳቅን። ስንስቅ ፍሬዓለምም ሳቀች፣ እኛ ካቆምንም በኋላ።

ታኅሣሥ 12

ምግብ አይበላልኝም። ችሎት ቆሜ ስናገር አስባለሁ። ትሰማለች እኮ። በሰው ፊት፣ በቆቦ ሰው ፊት፣ ልጄ እየሰማችኝ። ቤት ትቀመጥ ብል ብቻዋን አትሆንም፤ ጠበቃዋም ዳኛዋ ይዩዋት ብላለች።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

እንዳልረሳው ሁሉንም እጽፋለሁ።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ለራሳቸው ጉዳይ የመጡ ናቸው፣ ግን ግማሹን ከገበያ አውቃቸዋለሁ። ዳኛዋ ሴት ናቸው፣ መነጽር ያደርጋሉ። ሼህ ሙሀመድሰይድ ከኋላ ተቀምጠዋል። ፍሬዓለም ከጀዊሪያና ከሙንተሲር መሐል ናት። ሻሿን ጠዋት ላስርላት ስል ጀዊሪያ «ተይው» ብላኝ ጠባሳዋ እየታየ መጣች።

መሐላ ፈጸምኩ። መቅደላዊት ጠየቀችኝ። መሬት መሬት እያየሁ መለስኩላት፤ አንዳንድ ነገር ትረሳለች አልኩ፣ እጇ ትንሽ ይሰንፋል አልኩ። ትንሽ ማለቴን ሰማሁት። ድምፄ ከሌላ ሰው እንደሚመጣ ነበር።

ከዚያ የመድኑ ነገረ ፈጅ ተነሣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁን አያነሣም።

«እናቴ፣ ልጅዎ እጮኛ አላት?»

የነጠላዬን ጥለት ያዝኩ።

«ለሽማግሌዎች ጥር 24 እንድራታለን፣ ትመርቁልናላችሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

«ገበያ ላይስ ለሰው ጥር 24 ነው ብለው ይጠራሉ?»

«እጠራለሁ።»

«እንግዲህ እናቴ፣ የአካልና የአእምሮ ጉዳት አለባት የሚሏትን ልጅ ነው በሚቀጥለው ወር የሚድሩት?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። መሬቱን አየሁት። ሲሚንቶ ነው፣ ምንም የለበትም። ቀና አልኩ። ፍሬዓለም ስለ ሰርጓ ሲነሣ ሰምታ ደስ ብሏታል፣ ፊቷ በርቷል። ያንን ባላይ ኖሮ መሬቱን እያየሁ «አዎ፣ እድራታለሁ» ባልኩ ነበር። እርግጠኛ ነኝ።

«ሰርግ የለም» አልኩ።

ዳኛዋ «ጮክ ብለው ይናገሩ» አሉኝ።

«ሰርግ የለም። ልጁ ከኅዳር ጀምሮ ትቷታል። አልፈርድበትም። ልጄ ደህና አይደለችም። መምህርት ነበረች፣ ፊደል አታውቅም። ሀን አታውቅም። እኔ ነኝ የማለብሳት። እሳት አጠገብ አላስቀርባትም። ሌሊት ልብሷ ይረጥባል፣ እኔ ነኝ የማጥበው። ቦርዱ ፊት ታበስላለች ያልኩት እያየችኝ ስለነበር ነው። አንዳንድ ቀን እኔን እናቷን አንቱ ትለኛለች፣ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ ቀርታ። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ልጄ አልተመለሰችም። ደህና አይደለችም።»

«በቃዎት እናቴ፣ ተመዝግቧል» አሉ ዳኛዋ። አልበቃኝም። እንዳይወጣ ይዤው የኖርኩት ሁሉ ተከታትሎ ወጣ፤ ያልተጠየቅሁትንም ተናገርኩ፣ የቲማቲሙን ሁሉ። መቅደላዊት መጥታ ክንዴን ስትይዘኝ ነው ያቆምኩት። ቅድም የሳቀው ሰው አሁን አልሳቀም። ሼህ ሙሀመድሰይድ ጥምጣማቸውን አውርደው ጉልበታቸው ላይ ይዘውት ነበር።

ነገረ ፈጁ «ጥያቄ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። ዳኛዋ ፍሬዓለምን ወደ ፊት አስጠርተው ስሟን ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ቀኑን ጠየቋት። ሳቀች። የቦርዱን ውጤት እንደማይቀበሉት፣ ሌላ ሆስፒታል ሌላ ቦርድ እንዲያያት፣ የመንገዱን ወጪ መድኑ እንዲችል፣ ከዚያ እንደሚወስኑ ተናገሩ። ተዋቸው ውጪ ስንወጣ ትከሻዬ ላይ ሦስቴ ሳመኝ። ሼህ ሙሀመድሰይድ ደግሞ ደጃፉ ላይ ጠብቀው «እናት ዓለም፣ እኛም ዓይን ነበረን፣ ማየት የፈለግነውን አየን። ነገ የመኪናው ባለቤት ዘንድ ሄጄ ያየሁትን እንደገና እነግረዋለሁ» አሉኝ።

እኔ ያየሁት ፍሬዓለምን ብቻ ነው። ስናገር ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ አይቻለሁ። ወደ ቤት ስንመጣ ባጃጅ ስለማትሳፈር በእግራችን ነበር፤ በሙንተሲር ደህና ክንድ ተደግፋ መጣች። እራቷን በላች። ተኛች።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ጠዋት ሁሉንም ረስታው ተነሣች። ፍርድ ቤት ሄደን ነበር ስላት «የት?» አለችኝ። በልቤ ተመስገን አልኩ።

ቁርሷን ሳቀርብላት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ተቀይሜሻለሁ።»

«ምን አድርጌሽ?»

አሰበች። ግንባሯ እስኪጨማደድ አሰበች።

«አላውቅም» አለች። «አንቺ ንገሪኝ።»

ሕልም አይተሽ ነው ልላት እችል ነበር። ታምነኝ ነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይም ይጠፋላት ነበር። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ሞተሩን፣ ፒክአፑን፣ ቻላቸውን፣ ትናንት በሰው ፊት ያልኩትን ሁሉ። ተማሪ ሲያነብላት እንደምትሰማው ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ቻላቸው ያውቃል?» አለች።

«ምኑን?»

«ደህና አለመሆኔን።»

«ያውቃል።»

«ጀዊሪያስ?»

«ታውቃለች።»

«አንቺስ?»

«እኔም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችና አለቀሰች። ከነሐሴ ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ራሷ ቀኝ እጇን በግራ እጇ አንሥታ ወደ እጅጌው አቀረበችልኝ። አለበስኳት።

ገበያ አልወጣሁም። ጀዊሪያ የኔንም ቲማቲም ይዛልኝ ሄደች።

ከምሳ በኋላ ፍሬዓለም ትንሽ ተኝታ ነቃች፣ እንደገና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ተቀይሜሻለሁ» አለችኝ።

በርጩማዬን ወደ አልጋው አስጠግቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።